በሙቀት ጊዜ በሰሊጥና በማሽላ ቅጠል ውስጥ ስለሚሆነው ነገር

በገዳሪፍ፣ በመተማና በሁመራ ሜዳ ሁለት አዝመራዎች ጎን ለጎን ይበቅላሉ፤ ማሽላ ለምግብ፣ ሰሊጥ ለገበያ። ፀሐያቸው አንድ ቢሆንም ሙቀቱን የሚያሳልፉበት መንገድ ልዩ ልዩ ነው።

ቅጠል በብርሃን ኃይል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን አየር ተቀብሎ ስኳር ይሠራል። ነገር ግን ሙቀት ሲበረታና ውሃ ሲያንስ የቅጠሉ ቀዳዳዎች ይጠባሉ፤ በዚህ ጊዜ የሰሊጥ ቅጠል በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፈንታ ኦክሲጅንን አብዝቶ ይይዛል። ይህ ሲታረም ግላይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ይፈርስና አሞንያ ይወጣል። አሞንያ የናይትሮጅን ሀብት ቢሆንም ሲከማች መርዝ ነው። ስለዚህ ቅጠሉ ወዲያው ሰብስቦ ግሉታሚን ወደሚባል ንጥረ ነገር ይለውጠዋል፤ ለዚህም ከብርሃን ያገኘውን ኃይል ያወጣል። ይህን ለውጥ በቅጠሉ አረንጓዴ ክፍል የሚፈጽመው ኤንዛይም የጎደለው ገብስ በተራ አየር ሲታመም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በበዛበት አየር ግን በደኅና ማደጉን በ1987 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አስረድቷል።

ማሽላ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አስቀድሞ በቅጠሉ ጅማቶች ዙሪያ ባሉት ሕዋሳት ያከማቻል። በዚያም ኦክሲጅን ብዙ ስፍራ ስለማያገኝ የሚወጣው አሞንያ ጥቂት ነው።

ይህም ማለት ሰሊጥ ሙቀትን አይችልም ማለት ሳይሆን፣ ሙቀቱን የሚችለው ዋጋ ከፍሎ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ስለ ገበያ ዋጋ ሲል መሬቱን ሁሉ ለሰሊጥ የሚሰጥ ሰው፣ ዝናብ ያጠረ እንደ ሆነ ጎተራውን የሚሞላለት ማሽላ መሆኑን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።