ለአነስተኛ ሞተር የሚስማማ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ አመራረጥ

ዕቃ አስመጥቶ የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሁለት ዕቃዎች እያንዳንዳቸው መልካም ሆነው ሳለ አንድ ላይ ሲሠሩ የማይስማሙ ከሆነ፣ ጉዳቱ በገዢው ላይ ብቻ ሳይሆን በሻጩም ላይ ይደርሳል። ይህን ነገር የአሊዩ አምባ ሰው ከማንም ይልቅ ሊያስተውለው ይችላል። አሊዩ አምባ ከአንኮበር ግርጌ ያለች የይፋት የገበያ ከተማ ስትሆን፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ወደብ የሚነሣው የግመል ቅፍለት መዳረሻ ነበረች። የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ሸዋ የመጣው በዚሁ የንግድ መንገድ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርሟል። ዳገቱ ለግመል ስለማይመች፣ ሸክሙ ከቆላው ጫፍ እየተራገፈ በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ትከሻ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። ስለዚህ ሲራራ ነጋዴው የሚጠይቀው «ከሁሉ የሚበረታው እንስሳ የትኛው ነው?» ብሎ ሳይሆን፣ «ለዚህ መንገድና ለዚህ ሸክም የሚስማማው የትኛው ነው?» ብሎ ነበር።

ዛሬ የጀልባ ሞተር የሚያስመጣና የሚሸጥ ነጋዴም ይህንኑ ጥያቄ ሊጠይቅ ይገባዋል። ይፋት ራሱ ሰፊ ሐይቅ ባይኖረውም፣ በሸዋ ሮቢት በኩል ወደ ደሴ የሚያልፈው መንገድ ወደ ሐይቅ ከተማ ያደርሳል፤ በአማራ ክልል ጣና፣ በስምጥ ሸለቆም ዝዋይ፣ ሐዋሳ፣ ዓባያና ጫሞ አሉ። በዐቢይ ጾም ወራት ደግሞ የዓሣ ፈላጊ እንደሚበዛ ባለ ሱቆቻችን ያውቃሉ።

በጣና ላይ ዓሣ አጥማጁ ከጥንት ጀምሮ የሚገለገለው ከደንገል በተሠራ ታንኳ ነው። ታንኳው ቀላልና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከዳርቻው ብዙ ሊርቅ አይችልም። በ1986 እ.ኤ.አ. ኡርክ ከምትባለው የሆላንድ ዓሣ አጥማጆች ከተማ የተነሣ የአብያተ ክርስቲያናት ማኅበር ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተባብሮ ባቋቋመው ሥራ፣ ባለ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ገቡ። ከዚያ ወዲህ አጥማጁ ወደ ሐይቁ መካከልና ወደ ወንዞቹ መግቢያ ለመድረስ ችሏል። ሞተር የሚፈልገው ሰው ግን ከሞተሩ በፊት ሊያስብበት የሚገባው ነገር ጀልባው ነው።

ብዙ ገዢዎች ሰፊና አጭር፣ ኋላውም ጠፍጣፋ የሆነውን ጀልባ ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። በጀልባ ላይ ሲቆሙበት አይወዛወዝም፤ ሲያዩትም ብዙ የሚይዝ ይመስላል። እንዲህ ያለው ጀልባ የተሠራው ግን በውኃ ላይ ተንሳፎ ለመሮጥ ነው፤ ተንሳፎ ለመሮጥም ለያንዳንዱ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግራም ክብደት 1 የፈረስ ጉልበት ያህል ያስፈልገዋል። ጉልበቱ ካልበቃው ኋላው ውኃ ውስጥ ዘቅዝቆ፣ አፍንጫው ወደ ላይ ተነሥቶ፣ ሞተሩ እየጮኸ ቤንዚኑ ያልቃል፤ መንገዱ ግን አይገፋም።

ረጅም፣ ጠበብ ያለና ቀላል የሆነው ጀልባ ግን ውኃውን እየከፈለ ስለሚሄድ በጥቂት ጉልበት ይረካል። ለዚህ ዓይነቱ ጀልባ ጭነቱ ተጨምሮ ለ1 ቶን ክብደት ከ3 እስከ 5 የፈረስ ጉልበት ይበቃዋል። ፍጥነቱን የሚወስነው ውኃ የሚነካው ርዝመቱ ነው። 4 ሜትር ከሆነ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ያህል፣ 5 ሜትር ከሆነ 10 ኪሎ ሜትር ያህል፣ 6 ሜትር ከሆነ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከዚያ በላይ ለማፍጠን የሚጨመረው ጉልበት ማዕበል ከማስነሣት በቀር የረባ ጥቅም አይሰጥም።

ነገሩን በሒሳብ እንመልከተው። ጀልባው 250 ኪሎ፣ ሁለት አጥማጆች 130 ኪሎ፣ ሞተሩ 40 ኪሎ፣ ቤንዚኑ 20 ኪሎ፣ መረቡና በረዶው 60 ኪሎ፣ ዓሣው 200 ኪሎ ቢሆን፣ ድምሩ 700 ኪሎ ይሆናል። ይህን ለመግፋት ከ2 እስከ 3 ተኩል የፈረስ ጉልበት ይበቃል። ተንሳፎ እንዲሮጥ ቢፈለግ ግን ከ28 እስከ 35 የፈረስ ጉልበት ያስፈልጋል። እንግዲህ በዚህ ጭነት ላይ ባለ 15 ሞተር የሚገዛ ሰው በሁለቱ መካከል ይቀራል፤ ለመንሳፈፍ ያንሰዋል፣ ለመክፈል ይበዛበታል።

በዚህ ላይ የአገራችንን ከፍታ መርሳት አይገባም። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ እየሳሳ ይሄዳልና። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሞተሩ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ጉልበት ያጣል። በፋብሪካው ወረቀት ላይ 5 ተብሎ የተጻፈው ሞተር በጣና ላይ 4 ያህል፣ 8 የተባለውም ከ6 ጥቂት የሚበልጥ ነው። ከላይ ለተባለው ጭነት 5 በጸጥታ ውኃ ይበቃል፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን ነፋስ ተቃውሞ ለሚመለስ ሰው ግን 8 የተሻለ ነው። ከፍታው በሚቀንሰው ጉልበት ምክንያትም ውኃውን የሚገፋው ፕሮፔለር እርምጃው አጠር ያለ እንዲሆን ማዘዝ ይጠቅማል።

ቤንዚኑም ሊታሰብ ይገባል። ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀልበት ባለ ሁለት ምት ሞተር በሙሉ ጉልበት ሲሠራ፣ ለ1 የፈረስ ጉልበት በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ይበላል። ባለ 8ቱ 4 ሊትር፣ ባለ 15ቱ ከ7 ሊትር በላይ ማለት ነው። ባለ አራት ምቱ በቤንዚን ይቆጥባል፤ ሆኖም ክብደቱና ዋጋው ይጨምራል። የዓሣ አጥማጁ ትርፍ የሚቀረው ወይም የሚጠፋው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ጀልባውን በዓይን የሚመረምር ነጋዴ የሚከተሉትን ነገሮች ይመልከት።

1ኛ/ ርዝመቱ ከወርዱ አራት እጥፍ ያህል ይሁን፤ 5 ሜትር ተኩል ርዝመት ላለው 1 ሜትር ከ40 ያህል ወርድ ይስማማዋል። ሁለት ሰዎች በአንድ ወገን ሆነው መረብ ስለሚስቡ፣ ከዚህ እጅግ የጠበበው ይገለብጣቸዋል።

2ኛ/ ሆዱ ወደ ኋላ ሲሄድ ቀስ እያለ ከፍ ይበል። ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ሳንቃ የታች ጠርዙ፣ ጀልባው ጭኖ ሲቆም ከውኃው ፊት ጋር እኩል ቢሆን መልካም ነው። ውኃ ውስጥ የሰመጠ ሳንቃ ውኃውን እየጎተተ ይሄዳል።

3ኛ/ የሳንቃው ቁመት ከሞተሩ እግር ጋር ይስማማ። አጭር እግር ያለው ሞተር ለ38 ሴንቲ ሜትር፣ ረጅም እግር ያለው ለ51 ሴንቲ ሜትር ሳንቃ የተሠራ ነው። አጭሩ ከፍ ባለ ሳንቃ ላይ ቢታሰር ፕሮፔለሩ አየር ይቀዝፋል፤ ረጅሙ ዝቅ ባለው ላይ ቢታሰር የሐይቁን ጭቃ ይቆፍራል።

4ኛ/ ሙሉ ጭነቱን ይዞ ሲቆም ከውኃው በላይ የሚቀረው ጠርዝ ከ30 ሴንቲ ሜትር አይነስ።

5ኛ/ ከብረት ላሜራ የተበየደ ጀልባ ጠንካራ ቢሆንም ውኃ ከሞላው ይሰምጣል። ስለዚህ ከመቀመጫዎቹ ሥር የታሸጉ ባዶ ጀሪካኖች በጥብቅ ይታሰሩለት።

ከሞተሩ ጋር አብረው መሸጥ ያለባቸው ነገሮችም አሉ። ትርፍ ካንዴላ፣ የፕሮፔለር ፒን፣ ሁለት መቅዘፊያና ለየሰው የሕይወት አድን ጃኬት የግድ ናቸው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጣና ላይ የታወቀው እምቦጭ በፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፤ የማቀዝቀዣ ውኃ የሚገባበትን ቀዳዳም ይደፍናል። እምቦጭ ውስጥ የገባ ሰው ሞተሩን አጥፍቶ፣ እግሩን ወደ ላይ አንሥቶ ካላጸዳ በቀር ሞተሩ ይቃጠላል፤ ይህን ለገዢው መንገር የሻጩ ፋንታ ነው።

ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። በጣና ላይ ሞተርና ናይለን መረብ ከገቡ በኋላ፣ ለመራባት ወደ ወንዞች የሚወጡት የጣና ዓሣዎች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. እጅግ እንደተመናመኑ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። አዋጅ ቁጥር 315/1995 የዓሣ ሀብትን ልማትና አጠቃቀም የሚመለከት ሕግ ሆኖ የወጣ ነው። ፈቃድ ለሌለው፣ ወይም ዓሣው በሚራባበት ወራት የወንዝ መግቢያ ለሚዘጋ ሰው ሞተር የሚሸጥ ነጋዴ፣ የነገ ገበያውን ዛሬ ይሸጣል።

እንግዲህ ደንበኛ ወደ ሱቁ ሲመጣ ዋጋ ከመጥራት በፊት ጥቂት ጥያቄዎች ይቅደሙ። ስንት ሰው ይሳፈራል? ስንት ኪሎ ይጫናል? ሐይቁ የትኛው ነው፣ ከፍታውስ ስንት ነው? ከዳርቻው ምን ያህል ይርቃል? የሚመለሰው ከነፋስ በፊት ነው ወይስ በኋላ? መልሶቹ በወረቀት ላይ ከሰፈሩ በኋላ ጀልባው ይመረጣል፤ ሞተሩም ለጀልባው ይታዘዛል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው በኋላ የሚለቅመው ብዙ ነው።

አጥማጁ አብዛኛውን ጊዜ ጀልባና ሞተሩን የሚገዛው በብድር ወይም በማኅበር ገንዘብ ነው። በውኃው ላይ የሚወጣው የራሱ ነፍስ ነው፤ በዳርቻው የሚጠብቁትም ቤተ ሰቦቹ ናቸው። ነጋዴው በሱቁ ውስጥ በሚዛንና በሜትር የሚያጠፋው ግማሽ ሰዓት፣ ዕዳው እንዲከፈልና ሰውየው በሰላም እንዲመለስ ታላቅ ድርሻ አለው።