«ስንት ጂቢ?» ብቻ አትበሉ፦ ለካሜራችን ሜሞሪ ካርድ እንዴት እንምረጥ?

ሐረር ናችሁ እንበል። መሽቷል። ከጀጎል ግንብ ውጭ ጅቦቹ አንድ ሁለት እያሉ ከጨለማው ብቅ ብለዋል። የሚመግባቸው ሰው ሥጋውን በአጭር እንጨት ጫፍ አንጠልጥሎ፣ እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ ይጠብቃል። እናንተም ካሜራችሁን ደቅናችኋል። ጅቡ አንገቱን አስግጎ ሥጋውን ሲመነትፍ ጣታችሁን ከቁልፉ ላይ ሳታነሱ ደጋግማችሁ አነሳችሁ። ካሜራው ግን ድንገት ዝም አለ። አንዲት ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች እንጂ ቁልፉ አልታዘዝ አለ። በዚህ መሃል ከሁሉም ትልቁ ጅብ መጥቶ፣ በልቶ ሄደ።

ታዲያ ምን ተፈጠረ? ካሜራው አልተበላሸም። ባትሪውም አላለቀም። ሜሞሪ ካርዱም አልሞላም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ካሜራው ፎቶዎቹን በሚያነሳበት ፍጥነት ካርዱ ሊጽፋቸው አልቻለም። ሱቅ ስንገባ ሻጩ የሚጠይቀን «ስንት ጂቢ?» ብሎ ነው፤ እኛም መልሰን ወጣን። ፍጥነቱን ግን ማንም አላነሳውም። እስኪ ዛሬ ይህችን ከጥፍር ብዙም የማትበልጥ ዕቃ ከፍተን እንያት።

ካርዱ ውስጥ ምን አለ?

በሜሞሪ ካርድ ውስጥ የሚሽከረከርም ሆነ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ያለው «ፍላሽ» የሚባል ማኅደረ ትውስታ ነው። የፈለሰፈው በጃፓኑ ቶሺባ ኩባንያ ይሠራ የነበረ ፉጂዮ ማሱኦካ የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ ሥራው ለዓለም የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ዛሬ ካርዶቻችን ውስጥ ያለው «ናንድ» የተባለው ዓይነት ደግሞ በ1987 ቀረበ።

አሠራሩን ለመረዳት ጀጎልን አስቡ። በድሮ ጊዜ የከተማዋ በሮች ማታ ማታ ይዘጉ ነበር። ውስጥ ያለው ውስጥ ያድራል፣ ውጭ የቀረው ውጭ ያድራል። በካርዱ ውስጥም በቢሊዮን የሚቆጠሩ በጣም ጥቃቅን «ሴሎች» አሉ። እያንዳንዱ ሴል ዙሪያውን ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ነገር ታጥሯል። ካሜራው ፎቶ ሲጽፍ ጠንከር ባለ ቮልቴጅ ኤሌክትሮኖችን ወደ አጥሩ ውስጥ ያስገባል። ቮልቴጁ ሲቋረጥ ኤሌክትሮኖቹ እዚያው ተይዘው ይቀራሉ። ካሜራውን አጥፍታችሁ፣ ካርዱን አውጥታችሁ ኪሳችሁ ብትከቱት እንኳ ፎቶው የማይጠፋው ለዚህ ነው።

አንድ ልዩነት ግን አለ። ጀጎል አምስት ታሪካዊ በሮች አሏት፤ የሴሉ አጥር ግን በር የሚባል ነገር የለውም። ኤሌክትሮኖቹ የሚያልፉት አጥሩን ራሱን ሰርገው ነው። የፊዚክስ ሰዎች ይህን «ኳንተም ተነሊንግ» ይሉታል። ኤሌክትሮኖች ባለፉ ቁጥር አጥሩ በጥቂቱ ይጎዳል። ስለዚህ ማንኛውም ካርድ የሚጻፍበትና የሚሰረዝበት ጊዜ ገደብ አለው። ካርዱ ውስጥ ያለች ትንሽ ተቆጣጣሪ ቺፕ ሥራውን ለሁሉም ሴሎች እያከፋፈለች ዕድሜውን ታራዝማለች።

ማንበብ ይቀላል፣ መጻፍ ይከብዳል

ለማንበብ በሴሉ ውስጥ ኤሌክትሮን መኖር አለመኖሩን (በዛሬዎቹ ካርዶች ደግሞ ምን ያህል እንደሆነ) ማየት ብቻ ይበቃል። ለመጻፍ ግን ኤሌክትሮኖቹን መግፋት፣ ከዚያ በትክክል መግባታቸውን ማረጋገጥ፣ ካልበቃ እንደገና መግፋት ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ቀድሞ የተጻፈበት ሴል እንደገና ከመጻፉ በፊት መሰረዝ አለበት። ፍላሽ ደግሞ የሚሰርዘው አንድ በአንድ ሳይሆን ትልልቅ ክፍሎችን በአንድ ጊዜ ጠርጎ ነው።

እንግዲህ አንድ ካርድ ሁለት ፍጥነት አለው ማለት ነው፤ የማንበቢያና የመጻፊያ። ካርዱ ላይ በትልቁ የሚታተመው ቁጥር ብዙውን ጊዜ የማንበቢያው ነው፤ ከፍ ያለውና ለገበያ የሚያምረው እሱ ነዋ! ያ ቁጥር የሚጠቅማችሁ ቤት ገብታችሁ ፎቶውን ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጡ ነው። ጅቡ ፊት ቆማችሁ የሚያስፈልጋችሁ ግን የመጻፊያው ፍጥነት ነው።

ካርዱ ላይ ያሉት ምልክቶች ምን ይላሉ?

እዚህ ላይ መልካም ዜና አለ። አምራቾቹ የተስማሙባቸውና «ካርዱ ከዚህ በታች አይወርድም» የሚሉ ትናንሽ ምልክቶች አሉ።

የእንግሊዝኛውን «ሲ» በመሰለ ክብ ውስጥ 10 ቁጥር ካያችሁ፣ ካርዱ ቢያንስ በሰከንድ 10 ሜጋባይት ይጽፋል። «ዩ» ፊደል በመሰለ ቅርጽ ውስጥ 1 ካለ እንዲሁ 10 ሜጋባይት ነው፤ 3 ካለ ግን 30። «ቪ» ፊደልና ከጎኗ ቁጥር ካለ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይቀላል፤ ቁጥሩ ራሱ ዝቅተኛው ፍጥነት ነው። ቪ30 ማለት 30፣ ቪ60 ማለት 60፣ ቪ90 ማለት 90 ሜጋባይት በሰከንድ ነው።

ከዚህ ሌላ የሮማውያን 1 ወይም 2 ቁጥር ታገኛላችሁ። 1 ያለበት ዩኤችኤስ-1፣ 2 ያለበት ዩኤችኤስ-2 ይባላል። ይህ የሚነግራችሁ ካርዱና ካሜራው የሚነጋገሩበትን መንገድ ስፋት ነው። የመጀመሪያው ጣሪያው በሰከንድ 104 ሜጋባይት ነው፤ ሁለተኛው 312። ዩኤችኤስ-2 ካርድ በጀርባው ሁለት ረድፍ የብረት ጥርሶች አሉት። ካሜራችሁ ሁለተኛውን ረድፍ የማያውቅ ከሆነ ካርዱ ይሠራል፣ ነገር ግን እንደ ዩኤችኤስ-1 እየተጓዘ ነው። ለማትጠቀሙበት ፍጥነት ገንዘብ ከፈላችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የካሜራውን መመሪያ ተመልከቱ።

እስኪ ሒሳቡን እንሥራ

ካሜራችሁ አንድ ጥሬ ፎቶ («ሮው» የሚባለውን) በ25 ሜጋባይት ይጽፋል፣ በሰከንድ ደግሞ 10 ፎቶ ያነሳል እንበል። ሁለት ሰከንድ ብትጫኑ 20 ፎቶ፣ ማለትም 500 ሜጋባይት ሆነ። ካሜራው ይህን ሁሉ ወዲያው ካርዱ ላይ አያሰፍረውም፤ መጀመሪያ «በፈር» በሚባል ፈጣን ጊዜያዊ ማቆያ ውስጥ ያጠራቅመዋል። ማቆያው እንደ በርሜል ነው፤ ካርዱ ደግሞ ከሥሩ እንደተገጠመ ቧንቧ። ከላይ በባልዲ እየገለበጣችሁ ቧንቧው ጠባብ ከሆነ በርሜሉ ይሞላል፤ ካሜራውም «ቆይ፣ ጠብቀኝ» ይላል።

በሰከንድ 20 ሜጋባይት የሚጽፍ ካርድ ያንን 500 ሜጋባይት ለመጨረስ 25 ሰከንድ ይፈልጋል። 80 የሚጽፍ ካርድ ግን በ6 ሰከንድ ገደማ ይጨርሰዋል። አያችሁ? ካሜራው ያው ነው፣ ጅቡም ያው ነው። ልዩነቱ 19 ሰከንድ ነው፤ በ19 ሰከንድ ደግሞ ጅብ ብዙ ይሠራል።

ቪዲዮ ለሚቀርጽ ሰው አንድ ወጥመድ አለ። የቪዲዮ መጠን የሚነገረው በሜጋባይት ሳይሆን በሜጋቢት ነው፤ 8 ቢት ደግሞ 1 ባይት ነው። ካሜራችሁ «100 ሜጋቢት በሰከንድ» ካለ ለ8 አካፍሉት፤ 12.5 ሜጋባይት ይሆናል። ለዚህ ቪ30 ካርድ ከበቂ በላይ ነው፤ ቪ90 መግዛት አያስፈልግም።

ደግሞ ይህን አትርሱ፦ ውድ ካርድ ፎቶ አያሳምርም። ጨለማው ጨለማ ነው፣ የደበዘዘውም ይደበዝዛል። ካርድ የተሰጠውን ይይዛል እንጂ አይጨምርበትም።

ስንት ጂቢስ?

አሁን ወደ ሻጩ ጥያቄ እንመለስ። በ64 ጊጋባይት ካርድ ላይ 25 ሜጋባይት የሆኑ ጥሬ ፎቶዎች 2,500 ያህል ይገባሉ። 8 ሜጋባይት የሆኑ የተጨመቁ ፎቶዎች ደግሞ ወደ 8,000። ኮምፒውተራችሁ 59.6 ጊጋባይት ብቻ ቢያሳያችሁ ሻጩን አትጣሉት፤ አምራቹ የሚቆጥረው በ1,000 እያባዛ ነው፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ በ1,024። የተሰረቀ ነገር የለም።

ከሁሉ በፊት ግን ካርዱ በካሜራችሁ ይነበባል ወይ? ተራው «ኤስዲ» እስከ 2 ጊጋባይት ነው፤ «ኤስዲኤችሲ» እስከ 32፤ «ኤስዲኤክስሲ» ደግሞ ከ32 በላይ እስከ 2 ቴራባይት። መልካቸው አንድ ዓይነት ነው። ከታላቅ ወንድም ወይም ከአጎት የተረፈ አሮጌ ካሜራ ከሆነ ግን አዲሱን ካርድ ላያውቀው ይችላል።

የሐረርን ሹዋሊድ ውሰዱ። ሐረሪዎች ከረመዳን በኋላ የሚጾመውን የስድስት ቀን ጾም ጨርሰው የሚያከብሩት ይህ በዓል እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ያመለጠ ፎቶ ለከርሞ ነው የሚነሳው። ለእንዲህ ያለ ዝግጅት አንድ 128 ጊጋባይት ካርድ ከመያዝ ሁለት 64 መያዝ ይሻላል። አንዱ ቢበላሽ ወይም ቢጠፋ የቀረው ግማሽ ይተርፋል።

ፎርጅዱን እንዴት እንለየው?

ገበያ ላይ የሐሰት ካርዶች አሉ። የውጭ ጽሑፉ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ተቆጣጣሪዋ ቺፕ ራሷ እንድትዋሽ ተደርጋለች። በውስጡ ያለው 8 ጊጋባይት ሆኖ ለካሜራው «128 ነኝ» ትላለች። የመጀመሪያዎቹ 8 ጊጋባይት በደንብ ይገባሉ፤ ስለዚህ ሱቁ በር ላይ ብትሞክሩት ምንም አታዩበትም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግን ወይ በቀድሞው ላይ ይጻፋል፣ ወይ የትም ሳይገባ ይቀራል። ካሜራው «ተቀምጧል» ይላችኋል፤ ቤት ስትገቡ ፋይሉ አይከፈትም።

መፍትሔው አንድ ነው፦ ካርዱን ለቁም ነገር ከመያዛችሁ በፊት ጥግ ድረስ ሙሉት። ለዚህ የተሠሩ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፤ በዊንዶውስ «ኤችቱ ቴስት ደብልዩ»፣ በሊኑክስና በማክ «ኤፍ ስሪ» የሚባሉት። ካርዱን በፋይል ይሞላሉ፣ መልሰው ያነባሉ፣ የመጻፊያ ፍጥነቱንም ይነግሯችኋል። ፕሮግራሙ ከሌላችሁ ረዣዥም ቪዲዮዎችን እስኪሞላ ገልብጡና መጨረሻ የገቡትን ከፍታችሁ እስከ ማብቂያቸው እዩ። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን አንዴ ነው።

ከገዙ በኋላ

ካርዱን በኮምፒውተር ሳይሆን በካሜራው ውስጥ ፎርማት አድርጉት። መብራቷ እየበራች እያለ ካርዱን አትንቀሉ፣ ባትሪም አታውጡ። ፎቶ በስህተት ብትሰርዙ ወዲያው ማንሳት አቁሙ፤ ካሜራ ሲሰርዝ የሚፍቀው ፎቶው ያለበትን አድራሻ እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ፎቶውን አይደለም። ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ በማስመለሻ ፕሮግራም ሊገኝ ይችላል።

ካርድን ደግሞ እንደ መዝገብ ቤት አትቁጠሩት። የታጠሩት ኤሌክትሮኖች ከዓመታት በኋላ ቀስ በቀስ ማምለጣቸው አይቀርም፤ ሙቀት ሲኖር ይብሳል። ይህ ነገር ለሐረር አዲስ አይደለም። ግጥም ትቶ በንግድ ሥራ ሐረር የኖረው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ከሊዮን ካሜራ አስመጥቶ እ.ኤ.አ. በ1883 እዚሁ ከተማ ራሱን ፎቶ አንስቶ ነበር። ለቤተሰቦቹ ሲልክላቸው ግን ፎቶዎቹ እየነጡ እንደሆነ ጻፈላቸው፤ ያጠበበት ውሃ መጥፎ ነበር። ያኔ ኬሚካሉ፣ ዛሬ ኤሌክትሮኑ፤ ፎቶ የሚያርፍበት ነገር ሁሉ የራሱ ድካም አለው። እኛ ከራምቦ የምንሻልበት አንድ ነገር ቢኖር አንድን ፎቶ ሳናበላሽ የፈለግነውን ያህል መገልበጥ መቻላችን ነው። ስለዚህ የዕለቱን ፎቶ በዕለቱ፣ ቢያንስ ሁለት ቦታ ገልብጡ፤ ካርዱን ፎርማት የምታደርጉት ሁለቱንም ከፍታችሁ ካያችሁ በኋላ ነው።

አሁን ካርዳችሁን አውጡና አንብቡት። ትልቁን ቁጥር ተዉት፤ ሲ፣ ዩ ወይም ቪ የሚለውን ፈልጉ። ከዚያ የካሜራችሁን የፎቶ መጠንና በሰከንድ የሚያነሳውን ብዛት አባዙ። ካርዳችሁ የሁለት ሰከንድ ተከታታይ ፎቶ ለመጻፍ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል?