መቼ ነው የሚጠፋው?

ጨርሶ የሞተ ዕቃ መጠገን ይቀላል። አስቸጋሪው አንዴ እየሠራ አንዴ የሚጠፋው ነው። እንጅባራ ላይ ኮምፒውተርና ተያያዥ ዕቃዎችን ስጠግን፣ «ይቆራረጣል» ተብሎ የሚመጣልኝ ዕቃ ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ቁጭ ይላል። የቢሮ ፕሪንተር፣ የጣት አሻራ ማንበቢያ፣ ዌብካም፤ ሁሉም በዩኤስቢ የሚሠሩ፣ ሁሉም ባለቤታቸው ፊት ብቻ የሚያምፁ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ብዙ ያስተማረኝ ግን ከቴሌስኮፕ ጋር የሚገጠም የሰማይ ካሜራ ነው።

ካሜራው ዳንግላ የሚኖሩ የፊዚክስ መምህር ንብረት ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ ላሊበላ ላይ የቀለበት ቅርጽ ይዛ የታየችበትን ግርዶሽ ካዩ ወዲህ ልባቸው ወደ ሰማይ ሸፈተ። ቴሌስኮፑን እንደምንም አገኙ፤ ካሜራውን ውጭ አገር ያለ ዘመድ ላከላቸው። እንዲህ ያለ ካሜራ ከስልክም ከፎቶ ቤት ካሜራም ይለያል። ስክሪን የለውም፣ ሚሞሪ ካርድ የለውም፣ ባትሪ የለውም። የሚበላው ኤሌክትሪክ የሚገባውም ያነሣው ምስል የሚወጣውም በአንድ የዩኤስቢ ገመድ ነው። ደብዛዛ ነገር ለማንሳት ዓይኑን ሦስት አራት ደቂቃ ከፍቶ ብርሃን ያጠራቅማል። በመጨረሻው ሰከንድ ላይ ግንኙነቱ ለአፍታ ከተቋረጠ የተጠራቀመው ሁሉ ይጠፋል፣ ሶፍትዌሩም ካሜራውን ፈልጎ ያጣዋል። መምህሩ ፎቶ ለማንሳት በሚወጡበት፣ እዚሁ እንጅባራ አቅራቢያ ባለው የዘንገና ሐይቅ ዳር በብርድ ተቀምጦ ይህን ማየት ያበሳጫል።

«መምህር፣ መቼ ነው የሚጠፋው?» አልኳቸው።

«ሌሊት ነዋ! በቀን ማን ኮከብ ያነሣል?»

ሳቅን። ጥያቄውን ግን አልተውኩትም። ገና እንደመሸ ነው ወይስ ሲነጋጋ? ቤት ውስጥ ሲሞክሩትስ? ቴሌስኮፑ ወዴት ሲዞር? ያን ጊዜ ሌላ ምን ተሰክቶ ነበር? ባለቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ይዘው የሚመጡት ፍርዱን ነው፤ «ካሜራው ተበላሽቷል»፣ «ብርዱ ነው»፣ «ዊንዶውሱ ነው» ይላሉ። እኔ የምፈልገው ሰዓቱን ነው። የሚቆራረጥ ነገር ሁሉ ከአንድ ሌላ ነገር ጋር አብሮ ይመጣል፤ ያን አብሮት የሚመጣውን ነገር ካገኘሁ ሥራው አለቀ ማለት ይቻላል።

መምህሩ አሰቡና ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ እንደሚበዛ ነገሩኝ። ምክንያቱንም ራሳቸው ሰጡ፤ ብርዱ። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ናትና በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ብርዷ ይታወቃል፤ ግምታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን ይህ ዓይነት ካሜራ ብርድ ይወዳል። የምስል መቀበያው ሲቀዘቅዝ በሥዕሉ ላይ የሚበተነው የነጠብጣብ ጫጫታ ይቀንሳል፤ ውድ የሆኑት ካሜራዎች እንዲያውም ማቀዝቀዣ ተገጥሞላቸው ይመረታሉ። ብርድ ቢያስቸግር የገመዱን ልባስ አድርቆ ነው እንጂ ካሜራውን አይጎዳውም።

ከስድስት ሰዓት በኋላ ሌላ ምን ይሆናል? ጤዛ ይወርዳል። በሐይቁ አካባቢ አየሩ እርጥብ ስለሆነ የቴሌስኮፑ መስታወት በላብ ይሸፈናል። ለዚህ መከላከያ የሚሆን፣ በቴሌስኮፑ አፍ ዙሪያ የሚጠመጠም ማሞቂያ ጨርቅ አለ። መምህሩ ጤዛው ሲጀምር ያበሩታል። የሚሰኩትስ የት ነው? ካሜራው የተሰካበት ሀብ ላይ፤ አንዱን የላፕቶፕ ሶኬት ለብዙ ዕቃ የሚያካፍለው ላይ።

እዚህ ላይ ቁጥሮቹን ማየት ይጠቅማል። የላፕቶፕ ዩኤስቢ 2 ሶኬት እንዲሰጥ የሚጠበቅበት 500 ሚሊአምፔር ነው፤ ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900። እንዲህ ያለው ማሞቂያ ብቻውን እስከ 2000 ሚሊአምፔር ይስባል። የራሱ ኃይል የሌለው ሀብ ከላፕቶፑ ያገኘውን ያካፍላል እንጂ አይጨምርም። ጠረጴዛዬ ላይ፣ በቀን፣ በሞቀ ክፍል፣ ካሜራውን ከፍቼ ማሞቂያውን ሰካሁ። በካሜራውና በሀቡ መካከል ያስገባሁት ትንሽ ቮልት መለኪያ ከ5 ቮልት ወደ 4.3 ወረደ፤ ካሜራውም ጠፋ። ማሞቂያውን ስነቅለው ተመለሰ። ብርዱ ነፃ ወጣ።

ገመዱም የራሱ ድርሻ ነበረው። አምስት ሜትር ርዝመት ያለው፣ ረከስ ብሎ የተገዛ ገመድ ነው። ቴሌስኮፑ ውጭ፣ ሰውየው ቤት ወይም መኪና ውስጥ ሆነው እንዲሠሩ ስለሚያስችል ብዙ ሰው ረጅም ገመድ ይመርጣል። ኃይል በቀጭን ሽቦ ሲሄድ እንደ መስኖ ውኃ ነው፤ ቦዩ ሲረዝምና ሲጠብ መጨረሻ ላይ ያለው ማሳ ጥቂት ይደርሰዋል። ሂሳቡ ቀላል ነው። ቁጥር 28 የሚባለው ቀጭን የመዳብ ሽቦ በየሜትሩ 0.21 ኦም ያህል ይከላከላል። አምስት ሜትር ሄዶ አምስት ሜትር ሲመለስ 2.1 ኦም ይሆናል፤ ግማሽ አምፔር ሲያልፍበት 1 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። ከአምስት ቮልት አንዱ ሲጎድል ካሜራው ላይ የሚደርሰው አራት ነው፤ ያ ደግሞ አይበቃውም። ወፈር ያለው ቁጥር 24 ቢሆን የሚቀረው 0.4 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። ገመድ ስትገዙ ልባሱ ላይ የታተመውን አንብቡ፤ ሁለት ቁጥሮች ካሉ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው የኃይሉ ሽቦ ነው። ርዝመቱንም አስተውሉ። ዩኤስቢ 2 በመሃል ማጠናከሪያ ከሌለው ከአምስት ሜትር በላይ አይፈቀድም፤ ዩኤስቢ 3 ከሦስት ሜትር ካለፈ አያስተማምንም።

ማሞቂያው ለብቻው ፓወር ባንክ ተሰጠው፣ ገመዱም አጭርና ወፍራም ሆነ፣ ሀቡም ከ12 ቮልት ባትሪ የራሱን ኃይል በሚወስድ ተተካ። መቆራረጡ በጣም ቀነሰ። ግን ፈጽሞ አልጠፋም። የሚቆራረጥ ብልሽት ሁለት አባት ሊኖረው እንደሚችል ብዙ ጠጋኝ ይዘነጋል፤ አንዱን አግኝቶ ዕቃውን ይመልሳል፣ ደንበኛው በሳምንቱ ተቆጥቶ ይመጣል።

ሁለተኛው የመጣው ከአገራችን አቀማመጥ ነው። የኮከብ ፎቶ የሚነሣበት ማቆሚያ ሞተር አለው፤ ምድር ስትሽከረከር እየተከተለ ይዞራል። ለዚህም ዘንጉ ወደ ሰማይ ዋልታ፣ ማለትም ወደ ሰሜን ኮከብ አካባቢ መነጣጠር አለበት። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ የሚኖረው ከፍታ ከቦታው ኬክሮስ ጋር እኩል ነው። ለንደን ላይ ከ50 ዲግሪ ያልፋል፤ እኛ ዘንድ 11 ብቻ ነው። ኮረብታና የዲከረንስ ዛፍ የሚጋርደው፣ ከፋግታ ለኮማ ወረዳ በኩል የከሰል ጭስ የሚተኛበት ከፍታ ማለት ነው። ዘንጉ ወደ መጋደም ይቀርባል፤ ለ40 እና ለ50 ዲግሪ አገሮች ታስቦ የተሠራ ማቆሚያ ደግሞ እንዲህ ሲጋደም የሚዛን ክብደቱ እግሩን ሊመታ ይደርሳል። በዚያ ጠባብ ቦታ የተንጠለጠለ ገመድ መያዙ አይቀርም። መምህሩን «አሁንም የሚጠፋው ወዴት ሲዞር ነው?» ስላቸው፣ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል ብቻ መሆኑን አስተዋሉ። ገመዱ የእግሩ ማጥበቂያ ብሎን ላይ እየተያዘ የካሜራውን ሶኬት ይጎትት ነበር። መፍትሔው ከሶኬቱ አንድ ጋት ያህል ራቅ ብሎ ገመዱን ከቴሌስኮፑ አካል ጋር ማሰርና በመካከል ልል ቀለበት መተው ነው። ሀቡንም ራሱ ቴሌስኮፑ ላይ ማሰር ይሻላል፤ ያኔ ወደ ታች የሚወርደው አንድ ገመድ ብቻ ይሆናል።

እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ቴሌስኮፖች፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር መስታወት ያላቸው፣ በጉልላት ሥር ተተክለው የሚኖሩ ናቸው። የእኛ ዓይነቱ ግን በየሌሊቱ ተገጥሞ በየሌሊቱ ይፈታል። መደበኛው የዩኤስቢ ሶኬት ቢያንስ 1500 ጊዜ መሰካትና መነቀልን እንዲችል ተደርጎ ነው የሚሠራው። ብዙ ይመስላል፤ አቧራና እርጥበት ሲጨመርበት ግን ከዚያ በፊት ይላላል። በየጊዜው የሚነቀለው የካሜራው ጫፍ ባይሆን ይመረጣል፤ የሀቡ ይነቀል። ሀብ ይተካል።

ሌላ መለያ መሣሪያ አለ፣ ነፃ ነው፤ ጆሮ። ካሜራው ሲጠፋ ዊንዶውስ ዕቃ ሲነቀል የሚያሰማውን ድምፅ ካሰማ፣ ነገሩ ኃይል ወይም ሶኬት መሆኑን ጠርጥሩ። ድምፅ ሳይኖር፣ ካሜራው ዲቫይስ ማኔጀር ላይ እየታየ ምስሉ ብቻ ከቆመ፣ የመረጃው ብዛት ወይም ድራይቨሩ ነው። ጁፒተርን በቪዲዮ ስታነሱ ይህ ይበረታል። 1920 በ1080 የሆነ አንድ ምስል ሁለት ሚሊዮን ባይት ያህል ነው። ዩኤስቢ 2 በወረቀት ላይ በሰከንድ 480 ሜጋቢት ይባልለታል፤ በተግባር ግን ከ40 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም። ስለዚህ በሰከንድ ከ20 ምስል በላይ ከጠየቃችሁት ይጨናነቃል። ፕላኔቷ የምትይዘው ትንሽ ቦታ ስለሆነ የምስሉን ክፈፍ ማጥበብ ይበቃል። ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ደግሞ ኃይል ለመቆጠብ ሶኬቱን ያስተኛዋል፤ ቤት ውስጥ ቻርጀር ላይ ሆኖ ደህና የነበረው ሜዳ ላይ የሚያስቸግረው አንዳንዴ በዚህ ብቻ ነው። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ በየዩኤስቢ ሀቡ ያለውን የቁጠባ ፈቃድ ማንሳት ነው።

ለሌሊት ፎቶ የእኛ ወቅት ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው፤ በክረምት አዊ ላይ ኮከብ መጠበቅ ከንቱ ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሉክሶር ላይ ከ6 ደቂቃ በላይ ሙሉ በሙሉ የሚጨልመው የፀሐይ ግርዶሽ ለእኛ በከፊል ብቻ የሚታይ ነው፤ እሱም ደመናው ከፈቀደ። ከከተማ ወጥቶ ማደር በማይመችበት በአሁኑ ጊዜ ደግሞ ብዙው ሥራ ከግቢ ሆኗል፤ ዕቃው ብዙ ስለማይጓጓዝ ለገመድ ጤንነት ይህ ጥሩ ነው።

የሰማይ ካሜራም ይሁን የቢሮ ጣት አሻራ ማንበቢያ፣ ወደ ጠጋኝ ስትሄዱ ዕቃውን ብቻ ነጥላችሁ አትውሰዱ። ገመዱን፣ ሀቡን፣ ቻርጀሩን፣ አብሮ የሚሰካውን ሁሉ፣ እንደምትጠቀሙበት ይዛችሁ ኑ። በጠፋ ቁጥር ሰዓቱንና ያን ጊዜ ምን እንደተሰካ ወረቀት ላይ ጻፉልን።