ሐምሌ ዝናብ የማያውቀው ጓሮ

ሐምሌ ሲገባ የጎንደር ገበሬ ለጓሮው ውሃ ፍለጋ አይሄድም። ዝናቡ ራሱ መጥቶ መሬቱን ያረሰርሰዋል፣ ለሰው የሚቀረው ማረምና መኮትኮት ነው። እስራኤል ውስጥ ግን ነገሩ ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ክረምት በሆነበት ወቅት እዚህ በጋው ይከርራል፣ ወራት ሙሉ ጠብታ አይወርድም።

ይህን ልዩነት ከነመከራው የሚያውቁት በደቡብ ካሉት ከተሞች በአንዱ፣ አሮጌ ሕንጻ ምድር ቤት የሚኖሩ የ74 ዓመት እናት ናቸው። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጡ ናቸው። ከመስኮታቸው ሥር ያለችው መሬት ጥቂት እርምጃ ብትሆን ነው። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ባሚያ፣ በሶብላና ጤና አዳም አለባት። ዳር ዳሩን ደግሞ ጽጌረዳ ከቧታል። የሞሮኮ ተወላጅ የሆኑት ጎረቤታቸው በበኩላቸው ናና ተክለውባታል።

ባለፈው ዓመት በጋ ግን ጓሮዋ ልትጠፋ ነበር። የሕንጻው ቫአድ ባይት የጋራው የውሃ ሂሳብ ከፍ ማለቱን ጠቅሶ ቦታው በሰድር ይሸፈን የሚል ደብዳቤ በየበሩ ለጠፈ። እናት ዕብራይስጡን ማንበብ ስለማይችሉ ነገሩን የሰሙት ከልጅ ልጃቸው ነው። «ደነገጥኩ፤ የሰው ገንዘብ የምሰርቅ መሰለኝ» ይላሉ። «እኔ እኮ የማጠጣው ሲጠወልግ አይቼ፣ አሳዝኖኝ ነው።»

ችግሩም እዚያው ላይ ነበር። ቅጠሉ እኩለ ቀን ላይ ሲጠወልግ ጎማውን ይዘው ይወጣሉ። በዚያ ሰዓት ከሚፈሰው ውሃ ከፊሉ ሥሩ ጋ ሳይደርስ ይተናል። ብዙ ተክል ደግሞ በቀትር ሙቀት ጠውልጎ ማታ ራሱ ቀና ይላል። ውሃ መጥማቱን ለማወቅ ጣትን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ መክተት ነው፤ ታች ርጥበት ካለ ማጠጣት አያስፈልግም።

ከሠራዊት የተመለሰው የልጅ ልጅ ከቫአዱ ጋር ተነጋገረ። አንድ በጋ እንዲሞከር፣ ሂሳቡም ታይቶ እንዲወሰን ተስማሙ። ከዚያ ቲፍቱፍ ገዝቶ በየተክሉ ሥር ዘረጋ። ይህን በጠብታ የማጠጣት ዘዴ ለዓለም በማሰራጨት የሚታወቀው ኔታፊም የተመሠረተው በ1965 በኔጌቭ፣ በቂቡጽ ሐጸሪም ነው። ውሃው ቀስ እያለ በቀጥታ ሥሩ ላይ ስለሚንጠባጠብ ብክነቱ ይቀንሳል። ቧንቧው ላይ የተገጠመው መሣሪያ ደግሞ ንጋት ላይ ራሱ ከፍቶ ራሱ ይዘጋል።

እናት መጀመሪያ አላመኑበትም። «ሳቭታ፣ ተይው፣ ማሽኑ ይሠራል» ቢላቸውም ማልደው እየወጡ አፈሩን ይነካሉ። ከአገር ቤት ያመጡትን ብልሃት ግን እሳቸው ጨመሩበት። የተክሉን ሥር በገለባና በደረቀ ቅጠል አለበሱት። ገለባው አፈሩን ከፀሐይ ይጋርዳል፣ ርጥበቱን ያቆያል፣ አረምም ያፍናል።

ሌላም የተማሩት አለ። ሻራቭ ሲመጣ የቲማቲም አበባ የሚረግፈው ከሙቀቱ የተነሳ ነው፤ ውሃ ማብዛት አይመልሰውም። የጥላ መረብ ከላይ መዘርጋት ይረዳል። ባሚያ ግን ሙቀቱን ይወደዋል። ጎመን እዚህ በበጋ ስለሚጎሳቆል ከበዓላት በኋላ፣ አየሩ ሲበርድ ቢተከል ይሻላል። ለቡና የሚቆረጠው ጤና አዳም ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፈሳሹ ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ውሃም ያስቋጥራል። ስለዚህ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ቆርጦ እጅን በሳሙና መታጠብ ነው።

ለሰውም ቢሆን ያው ነው። ፀሐይ ሳትበረታ ሥራን መጨረስ፣ ባርኔጣ ማድረግ፣ ባይጠማም ውሃ መጠጣት ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ብቻ አያትና ልጅን አከራክሯል። መሣሪያው ከሰንበት በፊት ስለተሞላ ቅዳሜም ቢያጠጣ የሰው እጅ የለበትም ይላል ልጁ። እናት እሺ አላሉም። «ሰንበት ለአፈሩም ሰንበት ነው፤ ዓርብ ጠግቦ ይደር» አሉ። ዓርብ ማለዳ ረዘም ላለ ሰዓት እንዲያጠጣ፣ ቅዳሜ እንዲያርፍ ተደረገ። ተክሉም አልተጎዳም።

በዚህ በጋ የመጣው የመጀመሪያው የውሃ ሂሳብ ካምናው ያነሰ ነበር። ሁለተኛው ገና አልደረሰም። ቫአዱ የሚወስነው ከበዓላት በኋላ ነው። እናት ግን ከቲማቲሙ መልካም መልካሙን መርጠው፣ ፍሬውን አጥበው በጨርቅ ላይ አስጥተዋል።

«ለከርሞ ነው» ይላሉ። «ሰድር ከሆነም በጣሳ እተክለዋለሁ።»