ገነተ ልዑል፦ የንጉሥ ቤት፣ የተማሪ ግቢ

ስድስት ኪሎ የሚገኘው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በሠላሳ ዓመት ገደማ ውስጥ የንጉሠ ነገሥት መኖሪያ፣ የወራሪ እንደራሴ መቀመጫ፣ እንደገና የንጉሠ ነገሥት ቤት፣ በመጨረሻም ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ቤቶች ሲፈርሱ ስለ ቅርስ ብዙ ተከራክረናል። ክርክሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ “ይጠበቅ” ወይም “ይፍረስ” ከማለት አላለፈም። ገነተ ልዑል ሥራው ደጋግሞ ቢለወጥም የደረሰበትን ሁሉ ይዞ ዛሬም ያገለግላል።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣሊያን ወራሪ እንደራሴ የነበረው ግራዚያኒ የኔፕልስ ልዑል መወለዱን ምክንያት አድርጎ ለድሆች ምጽዋት ሊሰጥ ሕዝቡን ወደዚህ ግቢ ጠራ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩበት እዚሁ ነው። ከዚያ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ ብቻ በሺዎች የሚቆጠር የአዲስ አበባ ሰው ታረደ፣ ተቃጠለ፣ ተረሸነ። ጣሊያኖቹ ከቤቱ ፊት ለፊት የፋሺዝምን የሥልጣን ዓመታት በእርከን የሚቆጥር ጠመዝማዛ ደረጃ አቁመው ነበር። ከድል በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። በእኔ እምነት በዚህ ከተማ ስለ ቅርስ ከተወሰኑት ውሳኔዎች ሁሉ የላቀው ይህ ነው። የጠላት ሐውልት መሸነፉን ራሱ እንዲናገር ሆኗል።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ብራዚል ሳሉ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሙከራው ሲከሽፍ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ታግተው የነበሩ ባለ ሥልጣናት ላይ ተኩስ ተከፈተ። ከሞቱት አንዱ ራስ አበበ አረጋይ ናቸው። አምስቱን የወረራ ዓመታት በዱር በገደል የተዋጉት አርበኛ ሕይወታቸው ያለፈው ግራዚያኒ ይቀመጥበት በነበረው ቤት፣ በወገን ጥይት ነው። ይህን ሳስብ ያንን ክፍል እንደማንኛውም ክፍል ማየት አልችልም።

ከዚያ ወዲያ ንጉሠ ነገሥቱ እዚያ መኖር አልፈለጉም። ግቢውን ለትምህርት ሰጡ፤ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. በስማቸው የተሰየመው ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። በሰጡት ቤት የተማሩት ወጣቶች ብዙም ሳይቆዩ “መሬት ለአራሹ” ብለው ተነሡባቸው። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎቹ መሪ ጥላሁን ግዛው ሲገደል፣ አስከሬኑን ይዘው ባዘኑት ተማሪዎች ላይ ወታደር እዚሁ ግቢ ውስጥ ተኮሰ።

ዛሬ በቤቱ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ይገኛል። ጎብኚው መስቀሎቹን፣ ሥዕሎቹንና የየብሔረሰቡን የኑሮ ዕቃዎች አይቶ የንጉሡን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ይመለከታል። እኔ ብሆን ቅደም ተከተሉን እገለብጠው ነበር፤ በመጀመሪያ ስለ ቤቱ ራሱ፣ በየክፍሉ ማን እንደኖረና ማን እንደሞተ ይነገር፤ ዕቃዎቹ ከዚያ በኋላ ይታዩ።