የፍሬን ዘይት መለወጥና አየር ማስወጣት

ከሺሺንዳ ቡና፣ ማርና ኮረሪማ ጭኖ ወደ ጅማ የሚጓዝ መኪና ቦንጋን ካለፈ በኋላ ወደ ጎጀብ ወንዝ የሚያወርደው ቁልቁለት ይጠብቀዋል። ሹፌሩ በዚህ ስፍራ ፍሬን ደጋግሞ ሲይዝ ሸራውና ታምቡሮው ይግላሉ፤ ግለቱም ወደ ፍሬን ዘይቱ ይተላለፋል። ዘይቱ ያረጀ እንደ ሆነ ይፈላና እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎትም ሲጫኑት የሚጨመቅ ስለ ሆነ ፔዳሉ እስከ ወለል ወርዶ መኪናው ሳይቆም ይቀራል።

ዘይት መባሉ ልማድ ነው እንጂ ይህ ፈሳሽ የሞተር ዘይት ዘመድ አይደለም። የሞተር ዘይት ውሃን ሲሸሽ እርሱ ከአየር እርጥበትን ይስባል። ዶት 4 የተባለው ዐይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከመቶ 4 እጅ የማይሞላ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን በ155 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል። ዶት 3 ደግሞ ከ205 ወደ 140 ይወርዳል። ስለዚህም ብዙ ፋብሪካዎች በየ2 ዓመቱ እንዲለወጥ ያዝዛሉ፤ ዝናብ በሚበዛበት በከፋ አገር ይህን ቀን ማሳለፍ አይገባም።

ሥራውን በቤት ለማከናወን 2 ሰዎች ይበቃሉ። መኪናው በደልዳላ ስፍራ ቆሞ ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዳሉ። በማጠራቀሚያው ያለው አሮጌ ዘይት ተመጥጦ አዲሱ ይሞላል። የመኪናው መጽሐፍ ሌላ ካላዘዘ በቀር፣ የሚጀመረው ከማጠራቀሚያው እጅግ ከራቀው ጎማ ነው። በጎማው ጀርባ ባለችው አየር ማስወጫ ቪቴ ላይ ጠባብ የላስቲክ ቱቦ ይሰካል፤ ሌላው ጫፉም ጥቂት አዲስ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል። ረዳቱ ፔዳሉን ቀስ ብሎ ረግጦ ሲይዝ ሌላው ቪቴዋን ግማሽ ዙር ይፈታል። ፔዳሉ ሲወርድ ቪቴዋ ትጠበቃለች፤ እግር የሚነሣው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ከተዛባ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። አረፋው ጠፍቶ የጠራ ዘይት እስኪወጣ ድረስ በ4ቱም ጎማዎች ይደጋገማል፤ ማጠራቀሚያው በመካከል ከደረቀ ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። በቀለም ላይ የፈሰሰው ወዲያው በውሃ ይታጠባል። ፔዳሉ ጠንክሮ ካልቆመ መኪናው ከግቢ አይውጣ። በተጨመቀ አየር የሚሠራ ፍሬን ያላቸው ከባድ ካሚዮኖችና አንዳንድ ኤ.ቢ.ኤስ. ያላቸው መኪናዎች ለመካኒክ የሚተዉ ናቸው።

አስመጪውንና ባለ ሱቁን በተለይ የሚመለከተው የዕቃው አያያዝ ነው። ከትልቅ ጣሳ ወደ ውሃ ጠርሙስ እየቀዱ መሸጥ አዲሱን ዘይት በመደርደሪያ ላይ ማስረጀት ነው። ለ1 አውቶሞቢል አብዛኛውን ጊዜ 1 ሊትር ስለሚበቃ፣ በግማሽና በ1 ሊትር የታሸገውን ማስመጣት ይሻላል። ዶት 5 ከሲሊኮን የተሠራ ስለ ሆነ ከዶት 3ና ከዶት 4 ጋር አይደባለቅም፤ ዶት 5.1 ግን፣ ስሙ ገዢውን ቢያደናግርም፣ ከእነርሱ ጋር ይስማማል። ተከፍቶ የከረመ ጣሳ፣ ዋጋው ቢያሳዝንም፣ ለገዢ መቅረብ የለበትም።