የአለት ምስክርነት እንዳይበላሽ

ጫፉ አልማዝ ባለበት በሚሽከረከር ባዶ ቧንቧ ከምድር ሥር ተቈርጦ የሚወጣ፣ ዘንግ የመሰለ አለት «ኮር» ይባላል። ግድብ ከመሠራቱ፣ ማዕድን ከመቈፈሩ በፊት ስለ ታችኛው ምድር የሚመሰክረው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት የተገኘ ኮር ላቦራቶሪ ከመግባቱ በፊት በአዘጋጁ እጅ ሊበላሽ ይችላል። የተበላሸ ኮር ደግሞ ዝም አይልም፤ በሐሰት ይመሰክራል።

የመጀመሪያው ጥንቃቄ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው። የብራና መጽሐፍ ቅጠሎቹ ከተዘበራረቁ ፊደሉ ቢነበብም ታሪኩ አይገኝም፤ ኮርም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች ቀይና ጥቁር መሥመር ጎን ለጎን ይሰመርበታል። የላይኛው ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ ሲታይ ቀዩ በስተቀኝ ከዋለ ቁራጩ አልተገለበጠም ማለት ነው። የወጣበትም ጥልቀት በሜትር ይጻፍበታል።

ሁለተኛው የውሃ ጉዳይ ነው። የዋልካ መሬት በበጋ ተሰነጣጥቆ በክረምት እንደሚያብጥ የታወቀ ነው። ሸክላማ አለትም ፀሐይ ላይ ቢተዉት ይሰነጠቃል፤ ውሃ ሲነካው አብጦ ይፈርሳል። መርማሪው ያን ስንጥቅ አይቶ «አለቱ ደካማ ነው» ቢል፣ የፈረደው በአለቱ ሳይሆን በፀሐዩ ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ኮር እንደ ወጣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በሰም ይታሸጋል።

ሦስተኛው መቍረጥና ማድረቅ ነው። መጋዙ ሲቈርጥ ስለሚግል በውሃ ይቀዘቅዛል። ይህም ጠንካራውን ጥቁር ድንጋይ አይጎዳውም፤ አሞሌ የሚወጣበት የደናክል ጨው ግን ስለሚሟሟ በዘይት ወይም በአየር ማቀዝቀዝ ይገባል። ለማድረቅ የተለመደው ሙቀት 105 ዲግሪ ነው። ነገር ግን በዓባይ ሸለቆ፣ በጎሐ ጽዮን በኩል እንደሚገኘው ያለ ጀሶ በዚህ ሙቀት ከባሕርዩ ጋር የተዋሐደውን ውሃ መልቀቅ ይጀምራል፤ ያም እንደ ተራ እርጥበት ተቈጥሮ ስሌቱ ይሳሳታል። ስለዚህ ከ60 ዲግሪ ባይበልጥ ይሻላል።

በመጨረሻም ኮሩን በሙሉ ለምርመራ ማዋል አይገባም። በ2007 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ከጨው ባሕር ሥር፣ ከ270 ሜትር በላይ ተቈፍሮ የወጣው የደለል ኮር የ620,000 ዓመት ገደማ የአየር ጠባይ ታሪክ የያዘ ነው። በአሜሪካ፣ በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ቁመቱን ለሁለት ተሰንጥቆ አንዱ ግማሽ ለምርመራ ሲሰጥ፣ ሌላው ለማኅደር ተቀመጠ። ነገ የተሻለ መሣሪያ ይዞ የሚመጣ ተመራማሪ የዛሬውን ፍርድ የሚያጣራው በዚያ ግማሽ ነው።